ለኳስ የተነፋ ጡሩንባ

እሺ ማለት ይቀለኛል። አባቴ ከበዴሳ ሲሸኘኝ፣ «ልጄ፣ ሰው ያዘዘህን እምቢ አትበል፤ እምቢተኛ አያድግም» ብሎኝ እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ይኸው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ እምቢ ያልኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ዶርም ውስጥ ባልዲ አንጠልጥሎ ውሃ የሚቀዳው እኔ ነኝ። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ጓደኞቼ ስማቸውን ይሰጡኛል፤ እኔ ሥራውን እሰጣቸዋለሁ። ክፍል ውስጥ ፊት ተቀምጬ መምህሩ አንድ ነገር ባለ ቁጥር ራሴን ስለምነቀንቅ፣ አንድ ቀን፣ «አንተ ልጅ፣ አንገትህን ያምሃል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። እሱንም እሺ አልኩት።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይሞት፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለለቅሶ እንዲወጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አይደለም። እሺ ብዬ ነው።

ነገሩ የኳስ ነው። ሶዶ ውስጥ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ተስፋነሽ አለች። ባሏ አቶ ማንቻ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ሁለት ሹመት አላቸው። የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ የአንዲት ትንሽ የእግር ኳስ ክለብም ሊቀመንበር ናቸው። ስለ ክለቧ ካልሰማችሁ አትፈሩ፤ እዚሁ ሶዶም ያልሰማ ብዙ ነው። ከላይ ካለው ሊግ ጀምራችሁ ወደ ታች እየቆጠራችሁ ስትወርዱ፣ መቁጠሩ ሲሰለቻችሁ እዚያ ታገኟታላችሁ።

ክለቧ ንብረት የላትም። ሜዳው ዳር ያሉት አግዳሚ ወንበሮች እንኳ የእድሩ ናቸው። ሰው ካልሞተ ተመልካች ይቀመጥባቸዋል፤ ሰው ከሞተ ጨዋታው ቢጋመስም ተነሥተው ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ። አንድ እሁድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ተመልካቹ ከተቀመጠበት እየተነሣ ወንበሩን ለተሸካሚዎች አቀበለ፣ ከዚያም ነጠላውን አስተካክሎ ወንበሩን ተከትሎ ሄደ። ሜዳው ላይ ተጫዋቾቹና ዳኛው ብቻ ቀሩ። ጋሼ ግን ተስፋ አይቆርጡም። «ወንበሩም ይመለሳል፤ ሰዉም ይመለሳል» አሉኝ።

ወንበሩ ተመለሰ።

ድሮ መግቢያው አሥር ብር ነበር ይባላል። ሰው ሲቀንስ ኮሚቴው ተሰብስቦ መከረ። «ተመልካቹ በግማሽ ጎደለ፤ እንግዲህ የቀረው ግማሽ የሄደውን ድርሻ ይክፈልልን» ተባለና ሃያ ሆነ። የቀረው ግማሽ የሄደውን ድርሻ ከሚከፍል የሄደውን ተከትሎ መሄድ ቀለለው። ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ፤ ሃምሳ ሆነ። የበቆሎ ዋጋ ሲጨምር ሰው እያማረረም ቢሆን ይገዛል፤ ምክንያቱም ይበላል። ኳስ አይበላም። በዚያ ላይ ሃምሳ ብር የያዘ ሰው ዲሽ ቤት ገብቶ፣ ደገፍ ብሎ፣ የእንግሊዙን ጨዋታ አይቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ መልስ ይዞ ይወጣል። የግድ የእኛን ልጆች ካላየሁ ያለ ደግሞ ከሜዳው ጀርባ ባሕር ዛፍ አለለት፤ ባሕር ዛፍ ትኬት አይጠይቅም። ኮሚቴው ይህን ለመከላከል ዙሪያውን ሸራ አጠረ። ዛፉ ላይ የነበሩት አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አሉ። ኮሚቴው ሸራውን አንድ ክንድ ከፍ አደረገ። በሦስተኛው እሁድ ነፋስ መጥቶ ሸራውን ወሰደው፤ ዛፉ ላይ ያሉት አጨበጨቡ። በዚያ የውድድር ዘመን ሜዳችን ውስጥ የተሰማው ትልቁ ጭብጨባ ያ ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚስቅ አልነበረም። ምክንያቱ የጋሼና የአክስቴ ልጅ ሳሙኤል ነው። ሳሙኤል የክለቡ በረኛ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገርም ወደ እጁ እያየ የሚናገር ልጅ ነው። አብሮ አደጎቹ አንድ በአንድ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። አንዳንዶቹ ሱቅ ከፍተው ሱቁ ፊት ቆመው የተነሡትን ፎቶ ይልካሉ። አንዳንዶቹ ፎቶ አይልኩም። ደላላው ሳሙኤልንም ደጋግሞ አናግሮታል። ሳሙኤል ለእናቱ የሰጣት መልስ አንድ ነበር፤ «ክለቡ እስካለ አለሁ። ከፈረሰ ግን እዚህ ተቀምጬ ምን ልጠብቅ?»

አክስቴ ኳስ ክብ መሆኑን እንጂ ሌላ ነገሩን አታውቅም። ሆኖም ከከተማው ሁሉ ስለዚያ ክለብ እንደ እሷ የጸለየ የለም። ቸርች ውስጥ የጸሎት ርእስ ያለው ሰው ሲባል ተነሥታ፣ «ስለ ኳስ መግቢያ ዋጋ» ብላለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ግን ተጸለየ።

ክለቡን ይመግብ የነበረው አቶ ባሳ የሚባል የእህል ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ጋሼ ቤት መጥቶ፣ የቀረበለትን ሳይነካ፣ እንዲህ አለ፦ «አቶ ማንቻ፣ እኔ ባዶ ሜዳ መቀለብ ሰለቸኝ። እሁድ ከቦዲቲው ቡድን ጋር ስትጫወቱ መጥቼ አያለሁ። ሜዳው ሰው ካለው እቀጥላለሁ። ከሌለው በቃ፣ እጄን አንሥቻለሁ።»

አክስቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ ሰማች። ሳሙኤል ወደ እጁ አየ።

እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ። ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ግን ሰው ሲያዝን ካየሁ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ካልተናገርኩ አልችልም። «ጋሼ፣ ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል። የኢኮኖሚክስ መምህራችን ሰሌዳ ላይ በመስመር አሳይቶናል» አልኩ።

«መስመሩ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ ጋሼ።

«ወደ ታች።»

«እንግዲያስ የተማርከው ስለ እኛ ነው» አሉና ያን ዕለት ኮሚቴውን ጠርተው መግቢያውን ወደ አሥር ብር አወረዱት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ዋጋው ረከሰ፤ ማን ይወቅልን? ሞንታርቦ የጫነ መኪና እንዳንከራይ አቅም የለም። አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። ሰዉ እንዲሰማ አድርግ።»

«እሺ» አልኩ።

መጀመሪያ ማስታወቂያ በወረቀት ጽፌ በየአጥሩ ለጠፍኩ። ግማሹን ዝናብ አወረደው፤ ግማሹን ፍየል በላው። ቀጥሎ ለባጃጅ ሾፌሮች ነገርኩ። አንዱ፣ «አሥር ብር ከፍለን የምንናደድበት ነገር ቤታችን ሞልቷል» አለኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ዶርም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ማሰብ ጀመርኩ። በዚያ ሰፈር አንድ ሰው ሲናገር ሁሉም የሚሰማው ማነው? ፓስተሩ? ሲሰብክ የሚተኛ አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር? እሱን የሚሰማ የለም። ከዚያ ብድግ አልኩ። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ፣ ጋሽ ዳና! እሳቸው ነፍተው ያልተሰማበት ጊዜ የለም። ድስት ጥላ የማትወጣ ሴት፣ ገበያውን ጥሎ የማይሮጥ ነጋዴ የለም። ራሴን አደነቅኩ። ራሴን ያደነቅኩበት ቀን መጨረሻው አምሮ አያውቅም።

ጋሽ ዳና ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጡሩንባቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ዳና?»

«እግዜር ይመስገን። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ስለ ክለቡ ነው። የኳሱ።»

«ሞተ?»

«ሊሞት ነው።»

«ሊሞት ላለ አይነፋም» አሉና ወደ ጡሩንባቸው ተመለሱ። «ሲሞት ና።»

«ጋሼ ማንቻ፣ ሰዉ ይስማ ብለዋል» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ብለዋል።

ጋሽ ዳና እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሡ። የእድሩ ሊቀመንበር ካሉ ሌላ ነገር ነው። «ምን ልበል?»

«እሁድ በስምንት ሰዓት፣ የጋሼ ማንቻ ክለብ ከቦዲቲ ጋር በሜዳው ይጫወታል፤ መግቢያው ሃምሳ የነበረው አሥር ብር ሆኗል፤ ሁላችሁም ከነቤተሰባችሁ ኑ ይበሉ።»

«በዛ። ይሄን ሁሉ እየተናገርኩ ሦስት ሰፈር ልዞር?»

«እንግዲያስ እንደሚመችዎት ያሳጥሩት» አልኩ። የጎዳችኝ ይህች ቃል ናት። ሰው የሚያሳጥረው በለመደው ልክ ነው፤ ጋሽ ዳና ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት የማን ቤት፣ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ነው። እስቲ ይሞክሩት ብዬ ለመንኳቸው። ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአቶ ማንቻ... ሜዳው ላይ... በስምንት ሰዓት... የቦዲቲም ሰዎች ይመጣሉ...» ሲሉ ጎረቤት ያለች ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ጋሽ ዳና፣ ድምፅዎ ትንሽ ደስ የሚል ቢሆን...»

«ደስ የሚል ድምፅ የለኝም» አሉ። «እድሩ አልጠየቀኝም።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ የአገራችንን ሁለት ልማድ ካልነገርኳችሁ ሰፈሩን ሞኝ ታደርጉታላችሁ። ሞኙ እኔ ነኝ። አንደኛው፣ በወላይታ ከጥንት ጀምሮ ትልቅ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው በቡድን በቡድን እየሆነ ሜዳው መሀል ይገናኛል፤ ዛሬም የትልቅ ሰው ለቅሶ ግቢ አይበቃውም። ስለዚህ «ሜዳው ላይ» ሲባል ኳስ ትዝ የሚለው ሰው የለም፤ ኳሱንማ ከረሳው ቆይቷል። ሁለተኛው፣ ጡሩንባ የሰማ ሰው አይጠይቅም። ስልክ አንሥቶ፣ «እውነት ሞተዋል እንዴ?» ማለት ነውር ነው። ነጠላህን ታነሣለህ፤ ትሄዳለህ፤ ማን እንደሞተ እዚያው ስትደርስ ታያለህ። የቀረ ደግሞ በእድሩ ይቀጣል።

እሁድ ከቸርች መልስ ጡሩንባው ተነፋ።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጋሼና እኔ ሜዳው በር ላይ ቆመናል፤ ጋሼ ትኬቱን በእጃቸው ይዘዋል። ከላይኛው መንገድ ሰው ታየ። ከታችኛውም ታየ። ከገበያው በኩል ጎርፍ ሆኖ መጣ። ጋሼ እጄን ጨበጡኝ። «ትምህርት ደግ ነው፣ ልጄ!» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ሰዉ ሲቀርብ ጥቁር በጥቁር መሆኑን አይቼ፣ የክለባችን ማልያ ጥቁር ስለሆነ ይሆናል ብዬ በልቤ ተደሰትኩ።

ከፊት የመጡት ጥቁር ካፖርት የለበሱ የጋሼ ጎረቤት ናቸው። ጋሼን ሲያዩ ደንገጥ አሉ፤ ሞቱ ያሏቸው ሰው ቆመዋል። ወዲያው ግን ሐዘኑን ወደ ሌላ የቤተሰቡ ሰው አዞሩትና የጋሼን ትከሻ ያዙ።

«አይዞህ ማንቻ።»

«አይዞን፣ እናሸንፋለን» አሉ ጋሼ።

«ጽና እንግዲህ።»

«ተከላካዮቻችን ጽኑ ናቸው። በል ትኬት ያዝ።»

ሰውየው ትኬቱን አዩና ወደ ኋላ አሉ። «በዚህ ቀን?»

«በዚህ ቀን ነው እንጂ! ቀንሰናል፤ አሥር ብር ብቻ ነው።»

ጎረቤትየው ከኋላቸው ወዳሉት ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐዘኑ አእምሮውን ነክቶታል። ዝም በሉት።» ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የተዘረጋውን ትኬት አልፎ የጋሼን ትከሻ እየዳበሰ ገባ። አንዲት ሴትዮ ትኬቱን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ ወስዳ ኪሳቸው ከተተችላቸውና፣ «ዕረፍ አንተ፣ ዕረፍ» አለቻቸው።

ውስጥ የገቡት ደግሞ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች አዩ። የቀረች ጥርጣሬ ብትኖር ያን ጊዜ ጠፋች። ወንበሩ እዚህ ካለ ለቅሶው እዚህ ነው። በመደዳ ተቀመጡ። ማን ይሆን እያሉ በዓይናቸው ፈለጉ። እንግዲህ ሚስቱ ናት አሉ፤ ግን አክስቴ ጥግ ላይ ድንች የሚመስለውን ቦዬ ቀቅላ በዳጣ ይዛ ተቀምጣለች፤ ለተመልካች ልትሸጥ ነበር። እሷ ካልሆነች ልጁ ነው! ሴቶቹ፣ «ሳሙኤልዬ! አንተ ሎጋው!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሳሙኤል ጎሉ ፊት ቆሞ እያሟሟቀ ነበር፤ ስሙን ሲሰማ፣ ሕዝቡን ሲያይ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንቱን ወደ ላይ አንሥቶ ለደጋፊዎቹ ሰላምታ ሰጠ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

የቦዲቲ ቡድን በዚህ መሀል ደረሰ። ይህን ሁሉ ነጠላ ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። አምበላቸው ወደ ጋሼ ሄዶ፣ «ጨዋታው ለሌላ ቀን ቢዛወር ቅር አይለንም» አላቸው። «ምን ተገኝቶ!» አሉ ጋሼ። ዳኛው የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አስደረገ። «ለማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ አላውቅም፤ ግን ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ እንዴት ዝም ብዬ ፊሽካ ልንፋ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። መናገር ነበረብኝ፤ ግን አቶ ባሳ ከመኪናው ወርዶ፣ የሞላውን ሜዳ እያየ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጋሼ፣ «ለአቶ ባሳ ወንበር አምጣ» አሉኝ። እሺ ብዬ ከሜዳው ማዶ ካለ ቤት ወንበር ልለምን ሄድኩ። ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። ከቤተሰቡ ያልታየሁት እኔ ብቻ ሆንኩ።

«ያ ተማሪው የታለ? የወንድሟ ልጅ፣ የበዴሳው?»

«አሁን በር ላይ ያየሁት መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ይሠራል? እሱ ነው። ወይኔ ገና ለጋው!»

አንዱ ለአባቴ ደወለ። በአገራችን ሞት በስልክ አይነገርም፤ «ልጅህን ትንሽ አሞታል፤ ሜዳ ላይ ነን፤ ና» ብቻ አለው። አባቴ ሞኝ አይደለም። ትንሽ ያመመው ሰው ሜዳ ላይ እንደማይተኛ ያውቃል።

እኔ አቶ ባሳን አስቀምጬ ከኋላው ስቆም ጨዋታው ተጀምሯል። ለቀስተኛው እየቆየ ኳስ እያየ መሆኑ ገባው፤ ግን ማንም ቀድሞ መነሣት አልፈለገም፤ ቅጣት አለ። ደግሞ ፀሐዩ ደህና ነው፤ ወንበሩም የራሳቸው ነው። አንዳንዶቹ አስተያየት መስጠት ጀመሩ። «ያ ልጅ ሩጫው ጥሩ ነው፤ የማን ልጅ ነው?» ይባባላሉ። ከዚያ ቦዲቲዎች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ።

አክስቴ ቦዬዋን ትታ ተነሣች፤ ፊቷን ወደ ጎሉ ሳይሆን ወደ አቶ ባሳ አድርጋ ቆመች። ኳሱ ተመታ። ሳሙኤል በግራ በኩል ተዘርግቶ፣ እንዴት እንደደረሰበት እንጃ፣ ኳሱን ደረቱ ላይ ይዞት ተነሣ።

ነጠላ ያዘቀዘቁ እናቶች እልል አሉ። ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ቆሙ። ባሕር ዛፉ ላይ ያሉት እንኳ ጮኹ። ሳሙኤል ኳሱን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ መልሶ መምታቱን ረሳው። ለዚያች አፍታ ብቻ ሜዳው ኳስ ሜዳ ሆነ። አቶ ባሳም አጨበጨበ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተወጣነው አልኩ።

በዚያች አፍታ በር ላይ አይሱዙ ቆመ። የበዴሳ ዘመዶቼ ከነጋቢያቸው ዘለው ወረዱ። አባቴ ከፊት ነው፤ ጫማው አንዱ የእሱ፣ አንዱ የጎረቤት ነው። ጋሼ አሁንም በር ላይ ነበሩና ተስፋ ሳይቆርጡ ትኬት ዘረጉ። አባቴ ሳያያቸው ገንዘብ አውጥቶ ለአይሱዙው ሰው ሁሉ ከፈለና፣ «ታ ናአው! ታ ናአው!» እያለ ወደ ሜዳው መሀል ሮጠ። በወላይትኛ ልጄ፣ ልጄ ማለቱ ነው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። እኔም ሮጥኩ። አባቴ ሲያየኝ አቀፈኝ፤ ፊቱ እንባ ብቻ ነበር፤ ልቡ በደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ከዚያ ለቀቀኝና በጥፊ አጠናገረኝ። ከዚያ እንደገና አቀፈኝ። በኋላ ስጠይቀው፣ «የሶዶ ሰው ለለቅሶም ያስከፍላል ብዬ ነው የከፈልኩት» አለኝ። ያን ቀን ትኬት የቆረጡት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከቤተሰቡ በሕይወት ያልታየ ሰው ስላልቀረ ሕዝቡ ወደ ጋሽ ዳና ዞረ። ጋሽ ዳና አልተደናገጡም። ጡሩንባቸውን አንሥተው በአፉ በኩል ወደ እኔ ጠቆሙ።

የተሰደብኩትን አልጽፍም፤ ግማሹ በወላይትኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ጣዕሙ ይጠፋል። ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ ወጣ። ሜዳው በሞላበት ፍጥነት ባዶ ሆነ። ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ የጠየቀ የለም፤ እኔም አላውቅም።

ጋሼ አቶ ባሳን በር ላይ ያዙት። «አየህ ባሳ፤ ሜዳው ሞልቶ ነበር። በዓይንህ አይተሃል።»

አቶ ባሳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «አየሁ» አለ። «ባዶ ሲሆን፣ ሰዉ ጊዜ የለውም፣ ብር የለውም፣ መንገዱ ሩቅ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ለካ ጊዜም አለው፣ እግርም አለው። ለመቅበር ሲሆን ይመጣል። ለዚህ ግን አይመጣም፣ አቶ ማንቻ። ዛሬ ነው ያወቅኩት።» የጋሼን እጅ ጨብጦ ሄደ።

ክለቡ በዚያው ሳምንት ፈረሰ። ጡሩንባው አልዋሸም እንግዲህ፤ ቀደመ እንጂ።

እድሩ እኔን ለመቅጣት ተሰበሰበ። በሐሰት ጡሩንባ ማስነፋት በመተዳደሪያቸው ውስጥ አልተጻፈም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይፈጠራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ተማሪ ስለሆንኩ ገንዘብ አይጠየቅ ተባለና፣ ዓመቱን ሙሉ እሁድ እሁድ የእድሩን ወንበር እንድሸከም ተፈረደብኝ። ጋሼ ፍርዱን እንደ ሊቀመንበርነታቸው አነበቡት። እሺ አልኩ።

በሣልስቱ ነው የሚገርመው። ጋሼ ቤት ሰው መምጣት ጀመረ። ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት፤ ለክለቡ። እዝን የያዘ አለ፤ በነጠላዋ ጫፍ ብር ቋጥራ የመጣች አለች። ካፖርት የለበሱት ጎረቤት የታጠፈ መቶ ብር ጋሼ እጅ ውስጥ አስጨብጠው፣ «ምን እናድርግ፣ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ። እኒያ ሰውዬ ሃምሳ ብር ላለመክፈል ባሕር ዛፍ ሥር ቆመው አይቻቸዋለሁ። ጋሼ ብሩን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩት። ከዚያ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሌላ ምን ይባላል?

የመጀመሪያው ቅጣቴ ወንበሮቹን ከሜዳው ማውጣት ነበር። አግዳሚ ወንበር ብቻውን ሰው አይሸከመውም። ሌላውን ጫፍ ሳሙኤል ያዘልኝ። አንድ በአንድ ስናመላልስ ቆየን። በመጨረሻው ወንበር ላይ ጎሉ አጠገብ ስንደርስ ቆመ።

«ያን ቀን» አለ ወደ እጁ እያየ፣ «ኳሱን ስይዝ... ሁሉም ያዩኝ ይመስልሃል?»

«ሁሉም አይተውሃል። ሽማግሌው ወንበር ላይ ወጥተው ነበር።»

«አንተ ባታስነፋ አያዩኝም ነበር።» ፈገግ ያለ መሰለኝ። «ደላላውን አናግሬዋለሁ። የእናቴን ነገር አደራ። አንድ ነገር ብቻ፤ ስሄድ ጡሩንባ እንዳታስነፋ።»

«እሺ» አልኩት። እሺ ማለት ከብዶኝ የሚያውቅ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወንበሩን አንሥተን ወጣን።

ሳሙኤል ከሄደ ሰነበተ። ሞያሌ ገብቻለሁ ብሎ ደውሏል፤ ከዚያ ወዲያ አልደወለም። ፎቶም አልላከም። እኔ እሁድ እሁድ ወንበሬን እሸከማለሁ። የጋሽ ዳና ጡሩንባ ሲነፋ ግን ሰው ሁሉ ነጠላውን ሲያነሣ እኔ ስልኬን አነሣለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ጡሩንባ የሰማ ሰው አይጠይቅም። አክስቴ ታዲያ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ስልኩን ታነሣለች፤ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣

«እሱ አይደለም» ትለኛለች። «ወንበርህን ተሸከም።»